ኃጢአት ነው ወይስ ተፈጥሮ?

(ለአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፀረ ኤድስ ክበብ አባላት የቀረበ ንግግር)



የክበባችሁ ሰብሳቢ ስትጋብዘኝ ርዕሱን በቃሏ አልነገረችኝም፤ በብጣሽ ወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ። እኔም አነበብኩና ወዲያው አጠፍኩት። ከዚያ በራሴ ሳቅሁ። ስለ ኮንዶም በአደባባይ ማውራት ከለመድን ስንት ዓመት ሆኖናል፤ ስለ ወሲብ ፊልም ሲሆን ግን ዛሬም ወረቀት እናጥፋለን። እስቲ ዛሬ ያቺን ወረቀት አብረን እንዘርጋት።

በአንድ ልጅ ታሪክ ልጀምር። ስሙን፣ ሰፈሩንና ትምህርት ቤቱን አልናገርም። «ለሌላ ሰው የሚጠቅም ከሆነ ይነገር» ብሎ ፈቅዶልኛል። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ወደ ቢሮዬ የመጣው ውጤቱ ስለወረደ ነበር። ግማሽ ሰዓት ስለ ሂሳብና ስለ ፊዚክስ አወራን። ሊወጣ ሲል የበሩን እጀታ እንደያዘ ቆመና፣ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ፣ እንዲህ አለኝ፦

«ቲቸር፣ ማታ ማታ በስልኬ የወሲብ ፊልም አያለሁ። ሁለተኛ አላይም ብዬ እምላለሁ፣ በሦስተኛው ቀን እመለሳለሁ። ሰንበት ትምህርት ቤት መዘምር ነበርኩ። የመዝሙር ልብሱን ስለብስ ውሸታም የሆንኩ ስለሚመስለኝ ተውኩት።»

ልብ በሉ። ሊተው የፈለገው ስልኩን ነበር፤ የተወው ግን መዝሙሩን ነው።

ከዚያ በፊት ለሁለት ሰዎች ነግሮ ነበር። አንደኛው ጓደኛው ነው። «ባዮሎጂ አልተማርክም እንዴ? ዝግመተ ለውጥ እንዲህ አድርጎ ነው የሠራን። ተፈጥሮ ነው፤ ምን ታመጣለህ?» አለው። ሁለተኛው በዕድሜ የሚበልጠው ዘመዱ ነው። «እምነት ያለው ሰው እንዲህ አያደርግም፤ ኃጢአት ነው» አለው። የመጀመሪያው ምንም ማድረግ እንደማይችል ነገረው። ሁለተኛው ደግሞ አማኝ አለመሆኑን ነገረው። ሁለቱም መልሰው ከስልኩ ጋር ብቻውን ተዉት።

እኔ የተማርኩት ሶሲዮሎጂ ነው፤ ሰባኪም የባዮሎጂ ምሁርም አይደለሁም። እዚህ የተቀመጣችሁትም ሁላችሁ ክርስቲያኖች አይደላችሁም። ልጁ ክርስቲያን ስለሆነ በእሱ ጥያቄ ልሂድ፤ የሌላ እምነት ተከታዮችም የራሳችሁን እንደምታገኙበት አምናለሁ።

ጢንዚዛውና ጠርሙሱ

በምዕራብ አውስትራሊያ አንድ የጢንዚዛ ዓይነት አለ። ሴቷ ትልቅ፣ ቡናማና የምታብረቀርቅ ናት፤ ጀርባዋ ችፍ ችፍ ያለ ነው። ወንዱ እየበረረ የሚፈልገው እነዚህን ምልክቶች ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ዳሪል ግዊንና ዴቪድ ሬንትዝ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነገር ጽፈው አወጡ። በዚያ አገር መንገድ ዳር ይጣል የነበረው የቢራ ጠርሙስ ቡናማ ነበር፣ ያብረቀርቅ ነበር፣ ከወደ ታችም ችፍ ችፍ ያለ ነበር። ወንዶቹ ጢንዚዛዎች ሴቷን ያገኙ መስሏቸው ጠርሙሱ ላይ ወጥተው አንለቅም አሉ። አንደኛውን ጉንዳን ወርሮ እየነከሰው እንኳ አልለቀቀም።

ጢንዚዛው ታሟል? አልታመመም። ዓይኑም ፍላጎቱም ጤነኛ ነው። በዝግመተ ለውጥ ትምህርት መሠረት ዘሩን ያልተካ ፍጥረት ባሕርዩን ለማንም አያወርስም፤ ስለዚህ የጢንዚዛው አባቶች ምልክቱን ፈጥነው የለዩት ናቸው። ጠርሙስ በሌለበት ዓለም ይህ ባሕርይ አድኗቸዋል። ችግሩ የመጣው ከእውነተኛዋ የበለጠ የሚያብረቀርቅ ነገር መንገድ ላይ ሲጣል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤል ሽልማት ከተሸለሙት አንዱ የሆነው የሆላንዱ ተወላጅ ኒኮ ቲንበርገን ይህንኑ በወፎች ላይ አሳይቷል። አንዳንድ የባሕር ወፎች ከራሳቸው እንቁላል አጠገብ በጣም ትልቅ የውሸት እንቁላል ሲቀመጥላቸው የራሳቸውን ትተው የውሸቱን ሊታቀፉ ይታገላሉ።

እንግዲህ ያ ጓደኛው «ተፈጥሮ ነው» ሲል ግማሽ እውነት ተናግሯል። ፍላጎቱ ተፈጥሮ ነው። ስልኩ ውስጥ ያለው ግን ጠርሙስ ነው። እንዲያውም ከጠርሙሱ ይብሳል፤ ጠርሙሱን የጣለው ሰው ጢንዚዛ ላጥምድ ብሎ አልጣለም። የወሲብ ፊልም የሚያሠራጩት ግን እናንተ ዓይናችሁን ሳትነቅሉ በቆያችሁ ቁጥር ገንዘብ የሚያገኙ ነጋዴዎች ናቸው።

በእኛና በጢንዚዛው መካከል ሌላም ልዩነት አለ። ጢንዚዛው «ይህ ጠርሙስ ነው» ማለት አይችልም። እኛ እንችላለን።

ሳይንሱና እምነቱ ይጣላሉ?

ይህን ስነግረው ልጁ «ቲቸር፣ እኔ ግን ዝግመተ ለውጥን አላምንም» አለኝ። ብዙዎቻችሁም እንደዚያ ታስቡ ይሆናል። በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችውን ድንቅነሽን በብሔራዊ ሙዚየም አይታችሁ፣ በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ ግራ የተጋባችሁ ትኖራላችሁ። ክርስቲያኖች በዚህ ጉዳይ ላይ አንድ ዓይነት አቋም የላቸውም። የማይቀበሉት አሉ። የሚቀበሉትም አሉ፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከታወቁት የዝግመተ ለውጥ ሊቃውንት አንዱ የነበረው ቴዎዶሲየስ ዶብዣንስኪ የኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነበር። የሰውን የዘረ መል ካርታ ያወጣውን ፕሮጀክት የመራው ፍራንሲስ ኮሊንስም እንዲሁ አማኝ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ስለ እምነቱ መጽሐፍ ጽፏል።

ይህን ክርክር ዛሬ እዚህ አንጨርሰውም። ከስልካችሁ ጋር ያለባችሁን ትግል ለማሸነፍም ክርክሩ እስኪያልቅ መጠበቅ አያስፈልጋችሁም። ጢንዚዛው በጠርሙስ እንደሚታለል ሁለቱም ወገኖች ያያሉ።

ደግሞ እምነቱ ከሳይንሱ በፊት የሚያውቀው ነገር አለ። ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 7 ላይ የማይፈልገውን ነገር እንደሚያደርግ፣ የሚፈልገውን ደግሞ ማድረግ እንደሚያቅተው ይናገራል። ጳውሎስ እንዲህ ካለ «እምነት ያለው ሰው አይታገልም» የሚለው አነጋገር ከየት መጣ? በአገራችን መጻሕፍተ መነኮሳት የሚባሉት ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊም ከሥራው በፊት ሐሳብን ስለ መጠበቅ አጥብቀው ያስተምራሉ። ገዳማውያኑ ትግሉን አልካዱም። ተቀምጠው አጠኑት።

ሱስ ነው ወይ?

ቮልፍራም ሹልትዝ የተባለ የአንጎል ተመራማሪ በዝንጀሮዎች ላይ ባደረገው ጥናት አንድ ነገር አየ። ዝንጀሮዋ ጭማቂ ስታገኝ ዶፓሚን የሚያመነጩት የአንጎሏ ሕዋሳት ይነቃሉ። ከጭማቂው በፊት መብራት እየበራ ሲለምድባት ግን ሕዋሳቱ የሚነቁት ገና መብራቱ ሲበራ ሆነ። ጭማቂው ሲመጣ ጸጥ አሉ። ዶፓሚን እንግዲህ ከደስታው ይልቅ «ሊመጣ ነው» ከሚለው ጉጉት ጋር የተያያዘ ነው። ልጁም ይህንኑ በራሱ ቋንቋ ነግሮኛል፦ «ካየሁት በኋላ ምንም አይመስለኝም። የሚያሠቃየኝ ከማየቴ በፊት ያለው ነው።» መብራቱ ለእሱ ምን ነበር? የክፍሉ በር መዘጋት፣ ብርድ ልብሱና በእጁ ያለው ስልክ ነው። በእናንተ ዕድሜ ደግሞ «ቆይ፣ አስብበት» የሚለው የአንጎል ክፍል ገና እያደገ ነው፤ እስከ 20ዎቹ አጋማሽ ድረስ እድገቱን አይጨርስም።

«ሱስ» የሚለው ስም ግን ባለሙያዎችን ዛሬም ያከራክራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሚሠራበት የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ከቁጥጥር ውጭ የሆነ የወሲብ ባሕርይን እንደ ጤና ችግር አስገብቷል፤ ያስቀመጠው ግን ከአልኮልና ከቁማር ሱስ ጎን ሳይሆን ስሜትን መግታት ካለመቻል ችግሮች ጋር ነው። ለመባልም መለኪያ አለው፦ ሰውዬው ለረጅም ጊዜ፣ ለምሳሌ ለ6 ወርና ከዚያ በላይ፣ ራሱን መቆጣጠር አቅቶት ትምህርቱ፣ ሥራው፣ ጤናው ወይም ከሰው ጋር ያለው ግንኙነት ሲበላሽ፣ አለዚያም በብርቱ ሲጨነቅ ነው። ጭንቀቱ የመጣው ሙሉ በሙሉ ድርጊቱን ከመኰነን ብቻ ከሆነ ግን ለበሽታነት አይበቃም ይላል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ አማኝ ወጣቶችን ይመለከታል። ጆሹዋ ግረብስ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ጥናት ራሳቸውን የወሲብ ፊልም ሱሰኛ አድርገው የሚያዩት የግድ ብዙ የሚያዩት እንዳልሆኑ አሳይቷል። ድርጊቱን አጥብቀው የሚኰንኑ ሃይማኖተኞች ጥቂት ቢያዩም «ሱሰኛ ነኝ» ይላሉ።

ይህ ማለት ሕሊናችሁ ተሳስቷል፣ እምነታችሁን ተዉት ማለት አይደለም። ሁለት ጥያቄዎችን ለዩ ማለት ነው። አንዱ «ይህ ነገር ምን ያህል ተቆጣጥሮኛል?» የሚለው ነው። ሌላው «ከማምነው ጋር ምን ያህል ይጋጫል?» የሚለው ነው። ሁለተኛውን ለንስሐ አባታችሁ ወይም ለፓስተራችሁ ውሰዱት። የመጀመሪያውን ለአማካሪ ወይም ለጤና ባለሙያ ውሰዱት። ሁለቱም ካሉባችሁ ለሁለቱም ሂዱ። «ጥፋት ሠራሁ» የሚል ሰው ወደ ሰው ይሄዳል፣ ይናዘዛል፣ ይነሣል። «እኔ ራሴ ጥፋት ነኝ» የሚል ሰው ግን ይደበቃል፤ ሲደበቅ ብቻውን ይሆናል፤ ብቻውን ሲሆን ስልኩን ያነሣል። ልጁን ሲያዞረው የነበረው ይኸው ነው።

ከኤች አይ ቪ ጋር ምን አገናኘው?

የወሲብ ፊልም ማየት ኤች አይ ቪ አያስይዝም። የሚያስተምረው ትምህርት ግን አደገኛ ነው። በአብዛኛው ኮንዶም አይታይበትም። «ተመርምረሃል?» «ተመርምረሻል?» የሚል የለም። እሺታ የሚጠይቅ፣ «አልፈልግም» የሚልና የሚሰማው ብዙም አይታይም። ወሲብን ከዚያ የተማረ ወጣት ፍቅረኛው ፊት ሲቀርብ ያንኑ ሊደግም ይሞክራል።

ከካሜራው ጀርባ ያለውን ደግሞ ስሙ። እ.ኤ.አ. በ2004 በካሊፎርኒያ አንድ የወሲብ ፊልም ተዋናይ፣ በየጊዜው ምርመራ እያደረገ፣ በኤች አይ ቪ ተይዞ ተገኘ። ቫይረሱ በምርመራ ከመታየቱ በፊት ባሉት ቀናት ለሦስት ሴት ተዋንያን አስተላልፏል። ቀረጻው ለሳምንታት ቆመ። እ.ኤ.አ. በ2012 የሎስ አንጀለስ አውራጃ መራጮች በቀረጻ ላይ ኮንዶም ግዴታ እንዲሆን በድምፃቸው ወሰኑ። በፊልሙ ላይ ጤነኛና ደስተኛ መስለው የሚታዩት ሰዎች ከእናንተ የተለየ ደም የላቸውም።

ምን እናድርግ?

ከልጁ ጋር ያደረግነው ትልቅ ነገር አልነበረም። አንደኛ፣ መብራቱን አጠፋን፤ ስልኩ ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ ሳሎን፣ እናቱ ቴሌቪዥን አጠገብ ቻርጅ ይደረጋል። ለእናቱ «ጥናት ይረብሸኛል» አላት፤ ውሸት አልነበረም። ሁለተኛ፣ የሚወድቅበትን ሰዓት በደብተር ጻፈ። አብዛኛውን ጊዜ ከአባቱ ጋር በተጣላበት ማታ ሆኖ ተገኘ። ሦስተኛ፣ ፍላጎቱ ሲነሣ ተነሥቶ ከክፍሉ መውጣት፣ ውሃ መጠጣት፣ ከእህቱ ጋር ማውራት ለመደ፤ ፍላጎት እንደ ማዕበል ነው፤ ካልቀለቡት ያልፋል። አራተኛ፣ ቢወድቅ «እንግዲህ አበቃልኝ» ማለቱን ተወ። ሁለት ወር ጾሞ አንድ ቀን የገደፈ ሰው ጾሙ ሁሉ ከንቱ ሆነ ብሎ አይተወውም፤ በማግስቱ ይቀጥላል።

አምስተኛው ከሁሉም ከብዶት ነበር። ለንስሐ አባቱ ነገራቸው። ይቆጡኛል ብሎ ነበር። እሳቸው መጀመሪያ የጠየቁት ግን «መዝሙሩን ለምን ተውክ ልጄ?» ብለው ነው።

ድኗል አልላችሁም። አልፎ አልፎ ይወድቃል፤ መጥቶም ይነግረኛል። ባለፈው በዓል ግን የመዝሙር ልብሱን ለብሶ ከሰልፉ መሐል አይቼዋለሁ።

ከመካከላችሁ ዛሬ ይህን ስሰማ ደረቴ ተመታ የምትሉ ወንዶችም ሴቶችም ልጆች አላችሁ። እጃችሁን አታውጡ። ግን ከዚህ ሳምንት ማለቂያ በፊት አንድ ሰው ምረጡ፤ መምህር ይሁን፣ የክበቡ አማካሪ፣ የሃይማኖት አባት ወይም የምታምኑት ታላቅ ዘመድ። የበሩን እጀታ ይዛችሁም ቢሆን ተናገሩ።