የባቲ ከተማ አቀማመጥና የሕዝቧ ቁጥር
(ለአብያተ ክርስቲያናት ተወካዮችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድንናገርበት የተሰጠን ርዕስ የአንዲት አነስተኛ የወረዳ ከተማ መልክዓ ምድርና የሕዝብ ብዛት ነው። ነገሩ የትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ይመስላል፤ ከመካከላችንም «ይህ ለእኛ ምን ይረባናል?» የሚል ሳይኖር አይቀርም። ነገር ግን እህል የሚጫነው፣ መድኃኒት የሚገዛው፣ በየአጥቢያው የምትሰበስቡት መባ የሚደለደለው በሕዝብ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ሲጎድል ባዶውን የሚመለሰው ከሰልፉ ጫፍ የቆመችው እናት ስልቻ ነው። ስለዚህ ባቲን መረጥን፤ የአንድ ከተማ ቁጥርና የአንድ ከተማ ሸክም ምን ያህል እንደሚራራቁ ከባቲ የበለጠ የሚያሳይ ስፍራ ብዙ አናውቅም።

ባቲ በወሎ ምሥራቃዊ ጠርፍ ከኮምቦልቻ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። በአማራ ክልል፣ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ የባቲ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ነው። ይህን ቁጥር በማስታወሻችሁ ያዙልን፤ በአገራችን ልማድ ቆላና ወይና ደጋ የሚለያዩት በዚሁ ልክ ነውና። ደሴ በ2,500 ሜትር ገደማ ላይ ሆና ጋቢ ስታስደርብ፣ ሚሌ ደግሞ በ500 ሜትር ገደማ በረሃው ውስጥ ስትነድ፣ ባቲ በመካከላቸው ጀርባዋን ለተራራው፣ ፊቷን ለአፋር ሜዳ ሰጥታ ተቀምጣለች። ከላይ የሚወርደውም ከታች የሚወጣውም እርሷ ዘንድ ያርፋል።

በከተማይቱ የሚያልፈው ደሴን ከአሰብ ጋር ያገናኝ የነበረው፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራው መንገድ ነው። አሰብ እስከ 1990 ዓ.ም. የአገራችን ዋና ወደብ ነበርና የወደቡ ጭነት በዚህ በኩል ወደ ደጋው ይወጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከጅቡቲ የሚመጣው መኪና በጋላፊና በሚሌ በኩል አድርጎ ወደ ኮምቦልቻ ሲወጣ ባቲን ያቋርጣል። የእርዳታ ስንዴም መንገዱ ይኸው ነው። በድርቅ ዘመን እህሉ ሽቅብ፣ የተራበው ሰው ቁልቁል በአንድ ጎዳና ይተላለፋሉ።

ስለ አስተዳደሩ አንዲት ነገር ጨምረን እንለፍ። የዞኑ ዋና ከተማ ከሚሴ ናት። ከባቲ ወደ ከሚሴ በአስፋልት ለመሄድ መጀመሪያ ወደ ምዕራብ ኮምቦልቻ ድረስ መውጣት፣ ከዚያ ወደ ደቡብ መታጠፍ ያስፈልጋል። ቢሮ ተቀምጦ «የወረዳው ሪፖርት ለምን ዘገየ?» ብሎ የሚቆጣ ሰው በመጀመሪያ ካርታ ቢያይ መልካም ነው።

የሕዝቡ ነገር ከምድሩ ጋር የተያያዘ ነው። አብዛኛው ነዋሪ ኦሮሞ ሲሆን አማራውም፣ አርጎባውም፣ አፋሩም አብሮት ይኖራል፤ በገበያው ቀን ሁለት ሦስት ቋንቋ የማይሰማ ነጋዴ አትራፊ አይሆንም። በየመዘምራኑ ለምታገለግሉ ደግሞ ስሙ እንግዳ አይደለም፤ ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ ባቲ መባሉን ታውቃላችሁ።

የባቲ ገበያ ሰኞ ነው። ስለ ባቲ የሚናገር ሰው ስለ ሰኞ ካልተናገረ ስለ ከተማይቱ ምንም አልተናገረም ለማለት እንደፍራለን። አፋሩ ግመሉን፣ ፍየሉን፣ ቅቤውንና ጨውን ይዞ ይወጣል፤ ገበሬው ማሽላውን፣ ጤፉን፣ በርበሬውን፣ ሸክላውን ይዞ ይወርዳል። ማክሰኞ ጠዋት ጸጥ ብላ የምትገኘው ከተማ በዋዜማው በሺህ የሚቆጠር እንግዳ ያስተናገደች ናት። ከውኃዋ ጠጥተዋል፣ ከጤና ጣቢያዋ መድኃኒት ወስደዋል፣ በሜዳዋ ተጸዳድተዋል። በከተማይቱ መዝገብ ግን አንዳቸውም የሉም።

ገበያው ለእኛ ለእርዳታ ሠራተኞች ሌላም ጥቅም አለው። ደገኛው በበልግና በክረምት ዝናብ ይኖራል፤ አፋሩም ሱጉም የሚለውን የበልጉን ዝናብና ካርማ የሚለውን የክረምቱን ዝናብ ይጠብቃል። ዝናቡ ሲቀር በመጀመሪያ የሚያወራው ገበያው ነው። ሣር ሲጠፋ አርብቶ አደሩ ፍየሉ ሳትሞትበት ሊሸጣት ይሽቀዳደማል፤ ስለዚህ የፍየል ዋጋ ይወድቃል። በዚያው ሰሞን የማሽላ ዋጋ ይወጣል። ትናንት በአንዲት ፍየል ብዙ እህል ይሸምት የነበረ አባወራ ዛሬ በዚያችው ፍየል ግማሹን እንኳ አይሸምትም። ሕፃናቱ ከመክሳታቸው ከወራት በፊት ይህ ይታያል። የሰኞን ዋጋ በየሳምንቱ በደብተር የሚጽፍ አንድ ትጉህ ሠራተኛ በዋና ከተማ ከሚደረግ ብዙ ስብሰባ ይበልጣል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው ሦስተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የባቲ ወረዳ ሕዝብ 107,343 ነበር፤ ወንዶች 52,817፣ ሴቶች 54,526። ከዚህ ውስጥ ከተማ ነዋሪው 16,710 ብቻ ነው። የቀረው 90,633 ሕዝብ በገጠር ቀበሌዎች የሚኖር ሲሆን መጋዘኑም፣ ፍርድ ቤቱም፣ ገበያውም ያለው ግን ባቲ ነው። አንድ የከተማ ሰው አምስት የገጠር ሰው ተከትሎታል ማለት ነው።

ይህን በእህል እንመንዝረው። በተለመደው የእርዳታ ልክ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ይታሰባል። ለከተማው ሕዝብ ብቻ ቢሰላ 2,506 ኩንታል ተኩል ይሆናል፤ 400 ኩንታል በሚጭን ተሳቢ ባለው መኪና ሰባት ጉዞ ነው። ለወረዳው ሁሉ ቢሰላ ከ16,000 ኩንታል ያልፋል፤ 41 ጉዞ ይፈልጋል። በእርግጥ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ተረጂ አይሆንም፤ ልዩነቱ እንዲታያችሁ ብለን ነው። ከመዝገቡ ውጭ የሚመጣ እያንዳንዱ ሺህ ሰው ደግሞ በወር 150 ኩንታል ይጨምራል። አፋሩ በዚህ ስሌት ውስጥ ገና አልገባም።

አፋሩ ለምን አልገባም? የ1999ኙ ቆጠራ በአብዛኛው አገር በግንቦት ሲካሄድ በአፋርና በሶማሌ ክልሎች የተካሄደው በኅዳር 2000 ዓ.ም. ነው። ሰኞ በአንድ ሜዳ ላይ ትከሻ ለትከሻ የሚገፋፋው ሕዝብ ተቆጥሮ የተመዘገበው በሁለት ክልል መዝገብ፣ በስድስት ወር ልዩነት ነው። ይህን የምንለው ቆጣሪዎቹን ለመንቀፍ አይደለም፤ ከብቱን ተከትሎ የሚጓዝን ሕዝብ መቁጠር ምን ያህል ድካም እንዳለበት የሞከረው ያውቀዋል። እኛ ግን የአንዱን መዝገብ ብቻ ይዘን ወደ ባቲ ብንወርድ ግማሹን ገበያ አላየንም።

ከዚያ ቆጠራ ወዲህ ከ17 ዓመት በላይ አልፏል። አራተኛው ቆጠራ በ2010 ዓ.ም. ሊካሄድ ታስቦ ተላለፈ፤ በ2011 ዓ.ም.ም እንደገና ተራዘመ። ያን ጊዜ በእናቱ ጀርባ የነበረው ሕፃን ዛሬ ጎልማሳ ነው። ከ1987ቱ እስከ 1999ኙ ቆጠራ የአገሪቱ ሕዝብ በዓመት 2.6 በመቶ ያድግ ነበር፤ በዚያ ፍጥነት አንድ ሕዝብ በ27 ዓመት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ይሁን እንጂ ይህን ስሌት እንዳለ በባቲ ላይ መጫን አይገባም። ከወሎ ብዙ ወጣቶች በጅቡቲ በኩል ባሕር እየተሻገሩ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ሄደዋል፤ ቤተ ሰቡ ሲጠየቅ ግን ጅዳ ያለውን ልጅ «አለ» ብሎ ያስመዘግባል፤ ለእናት አለና። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት እስከዚህ ሲደርስ ከቀዬው የተፈናቀለው ሕዝብ ብዙ ነው። ባለፈው ዓመት የተጻፈ የተረጂዎች ዝርዝር ለዘንድሮ አይሆንም የምንለው ስለዚህ ነው።

ከመካከላችሁ ዕድሜያችሁ የሚፈቅድ የ1977ን ዘመን ታስታውሳላችሁ። የመጀመሪያው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በግንቦት 1976 ዓ.ም. ነበር። ጥቂት ወራት ሳይቆይ በ1977 መጀመሪያ ባቲ ከታላላቆቹ የረሃብ መጠለያዎች አንዷ ሆነች። ከደጋው እርሻው የከዳው ገበሬ፣ ከቆላው ከብቱ ያለቀበት አፋር፣ በአስር ሺህ እየሆነ በከተማይቱ ዳር ሜዳ ላይ ሰፈረ። ቆጣሪው ግንቦት ላይ የጻፈው ቁጥር ኅዳር ላይ የባቲን ሸክም ሊያሳይ አልቻለም። ሰዎቹ የመጡት ቀናት ተጉዘው ነው፤ ብዙዎች እህሉ ዘንድ ከደረሱ በኋላ ሞቱ። የገደላቸው ረሃቡ ብቻ አልነበረም፤ በመጨናነቅ የሚመጣው ኩፍኝ፣ ተቅማጥና ተስቦ ነበር። ከዚያ በኋላ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ 600,000 ያህል ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲሰፍር የወሎ የቤተ ሰብ መዝገብ እንደገና ተለወጠ።

ከዚህ ዘመን የተማርነው ትልቁ ነገር እህልን ሰው ወደሚወርድበት ከተማ ከመከመር ይልቅ ሰው ሳይነሣ ወደየቀበሌው ማድረስ ነው። ለዚህ የከተማይቱ ቁጥር አይበቃም፤ የየመንደሩ ስም ዝርዝር፣ የመንገዱ ርቀትና አህያ የሚያልፍበት በር መታወቅ አለበት።

በወንጌል የተጻፈውን የአምስቱን እንጀራ ነገር በዚህ ዓይን ተመልከቱት። ማቴዎስ የሚሰጠን የወንዶቹን ብዛት ነው፤ ሴቶቹና ልጆቹ ከዚያ ቁጥር ውጭ መሆናቸውን ግን ሳይነግረን አላለፈም። ሉቃስ ደግሞ እንጀራው ከመቆረሱ በፊት ሕዝቡ ሃምሳ ሃምሳ እየሆነ እንዲቀመጥ መታዘዙን ይጽፋል። ሃምሳ ሰው የተዘለለ ሕፃን በዓይን የሚታይበት ብዛት ነው። ሠራተኞቻችን በየመንደሩ የሚመዘግቡት እንዲሁ በትንንሽ ክፍል ቢሆን፣ ስሙንም የሚያነቡት በሽማግሌዎችና በእናቶች ፊት ቢሆን እንመርጣለን። አባወራ ብቻ ሲመዘገብ መበለቲቱ ትረሳለች።

አንድ ጥያቄ ከአጥቢያዎች ደጋግሞ ይደርሰናል፤ በባቲ ከሚረዱት ምን ያህሉ ምእመናን ናቸው የሚል። የባቲ ሕዝብ እጅግ የሚበዛው ሙስሊም ነው፤ ይህን ሳንሸሽግ እንነግራችኋለን። በመመዝገቢያ ቅጻችን ላይ ግን የሃይማኖት ዓምድ የለም፤ እንዲጨመርም አንፈቅድም። በመንገድ ዳር የወደቀውን ያነሣው ሳምራዊ ስለ እምነቱ አልጠየቀውም። በየአጥቢያችሁ ይህን ለሚጠይቋችሁ እንደዚሁ ብትመልሱልን ሥራችን ይቀላል።

አሁን የያዝነው ቅጽ በወንበራችሁ ላይ ተቀምጧል። በመጀመሪያው ዓምድ በከተማው የሚያድሩት፣ በሁለተኛው ከገጠር ቀበሌ የሚመጡት፣ በሦስተኛው ሰኞ ከአፋር በኩል የሚወጡት ይጻፋሉ። ከታች ያሉት ሁለት መስመሮች ለአንዲት ፍየልና ለአንድ ኩንታል ማሽላ ዋጋ ናቸው። ለደብተርና ለመዝጋቢዎች አበል የሚሆነውን ወጪ እያንዳንዱ አጥቢያ ተመካክሮ እንዲያሳውቀን እንለምናለን፤ የበልጉ ዝናብ ከመጠበቁ በፊት ቢደርሰን ሠራተኞቹን በጊዜ እናሰማራለን። ካርታውን ግድግዳው ላይ ሰቅለነዋል፤ ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱትና ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁን።