አርማታ መንደፍን የመማር ሥርዓት
(ለማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



አዲስ የተመረቀ መሐንዲስ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሕንፃ ሥራ ቦታ ሲገባ የሚሰማው ቋንቋ በትምህርት ቤት ከለመደው የተለየ ነው። መምህሩ በእንግሊዝኛ ያስተማረውን ብረት ሠራተኛው ፌሮ ይለዋል፤ ዋናዎቹን ብረቶች የሚያቅፈውን ቀለበት ስታፋ፣ ወለሉን ደግሞ ሶሌታ ብሎ ይጠራዋል። ቃላቱ ከጣልያንኛ ተወርሰው ከአባት ወደ ልጅ፣ ከዋና ሠራተኛ ወደ ረዳት ሲተላለፉ የኖሩ ናቸው። በወረቀት ላይ የተነደፈው አርማታና በሜዳ ላይ የሚፈሰው አርማታ በሁለት ቋንቋ እንደሚጠሩ ሁሉ፣ ብዙ ጊዜም በሁለት የተለያዩ ሰዎች አእምሮ ውስጥ ይኖራሉ። የዚህ ንግግር ዓላማ ሁለቱ በአንድ ሰው አእምሮ ውስጥ እንዲገናኙ ትምህርቱ በምን ሥርዓት ቢሰጥ እንደሚሻል ማመልከት ነው።

የሙያው ታሪክ ራሱ ስለ ሥርዓቱ ፍንጭ ይሰጣል። ፈረንሳዊው ጆሴፍ ሞኒየር አትክልተኛ ነበር፤ በ1867 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያስመዘገበውም በብረት ሽቦ ለተጠናከረ የአትክልት ማስቀመጫ ገንዳ ነው። ምሰሶን፣ ቢምንና ሶሌታን እንደ አንድ አካል አያይዞ የሚሠራበትን ዘዴ በ1892 እ.ኤ.አ. ያስመዘገበው ፍራንሷ ኤንቢክም የድንጋይ ጠራቢነት ሥራ ያውቅ የነበረ ሰው ነው። ሁለቱም አስቀድመው ያዩት ስንጥቁን ነው፤ የተሟላው ስሌት በኋላ ተከተለ። በዛሬው ትምህርት ግን ሥርዓቱ ተገልብጦ፣ ተማሪው ቀመሩን ከያዘ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው ስንጥቁን የሚያየው፤ አንዳንዱም ጨርሶ ሳያየው ይመረቃል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርት ስንጥቅን ማንበብ ሊሆን ይገባል። ኮንክሪት ሲጫኑት ብርቱ፣ ሲስቡት ግን ደካማ ነው፤ የመሳብ ጥንካሬው ከመጫን ጥንካሬው አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። ብረት የሚገባለትም በዚያ በሚሳብበት ወገን ነው። ሁለቱ ተስማምተው የሚኖሩት ሙቀት ሲጨምር በተቀራራቢ መጠን ስለሚረዝሙ፣ ይኸውም በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለእያንዳንዱ ሜትር 0.01 ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ፣ እንዲሁም የሲሚንቶው አልካላይነት ብረቱን ከዝገት ስለሚጠብቀው ነው። በሁለት ጫፍ የተደገፈ ቢም የሚሰነጠቀው ከሥር ነው፤ ከግድግዳ ወጥቶ የተንጠለጠለ ሰገነት ግን የሚሰነጠቀው ከላይ ነው። ይህን በዓይኑ ያየ ተማሪ ፌሮው የት መቀመጥ እንዳለበት አይሳሳትም።

ስህተቱ የሚያስከትለውም ቀላል አይደለም። 15 ሴንቲሜትር ውፍረት ባለው የሰገነት ሶሌታ ላይ ዋናው ፌሮ ከታችኛው ፊት 12 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ እንዲቀመጥ ተነድፎ ሳለ፣ ኮንክሪት የሚያፈሱት ሠራተኞች ረግጠውት ወደ 8 ሴንቲሜትር ቢወርድ የመሸከም አቅሙ ከሲሶ በላይ ይቀንሳል። ከተሞላ በኋላ ይህን ከውጭ ሆኖ የሚያይ የለም። ሥዕሉ ትክክል ነው፤ ስሌቱም ትክክል ነው፤ ፌሮውን ደግፎ የሚይዘውን ማቆሚያ ግን ማንም አላሰበበትም።

ሁለተኛው ትምህርት በእጅ ማስላት ነው። እንደ ምሳሌ ርዝመቱ 6 ሜትር፣ ስፋቱ 25፣ ቁመቱ 50 ሴንቲሜትር የሆነ ቢም በሁለት ጫፍ ተደግፎ፣ የራሱን ክብደት ጨምሮ በሜትር 30 ኪሎኒውተን የንድፍ ጭነት ይሸከም ዘንድ ይወሰን። የሚያጎብጠው ሞመንት በመካከሉ 135 ኪሎኒውተን ሜትር ይሆናል። በሲ-25 ኮንክሪትና በኤስ-400 ብረት ቢሰላ የሚያስፈልገው ፌሮ 1000 ካሬ ሚሊሜትር ያህል ነው። አምስት ባለ 16 ፌሮ 1005 ካሬ ሚሊሜትር ስለሚሰጥ ተማሪው አምስት ብሎ ይጽፋል፤ የፈተና ወረቀቱም ሙሉ ነጥብ ያገኛል።

የሙያው ፍርድ የሚጀምረው ግን ከዚህ በኋላ ነው። ከ25 ሴንቲሜትሩ ስፋት በሁለቱም ወገን 25 ሚሊሜትር ሽፋንና ባለ 8 ስታፋ ሲቀነስ የሚቀረው 184 ሚሊሜትር ነው። አምስቱ ፌሮዎች 80 ሚሊሜትሩን ሲይዙ በመካከላቸው የሚቀረው ክፍተት 26 ሚሊሜትር ብቻ ይሆናል። ባለ 20 ሚሊሜትር ጠጠር በጭንቅ ያልፍ ይሆናል፤ የቫይብሬተሩ ዘንግ ግን አይገባም። ስለዚህ ከሥር ባዶ ቀርቶ ፌሮው ለአየርና ለእርጥበት ይጋለጣል። በዚያው ፋንታ ሁለት ባለ 20ና ሁለት ባለ 16 ቢደረግ 1030 ካሬ ሚሊሜትር ይገኛል፤ ክፍተቱም ወደ 37 ሚሊሜትር ይሰፋል። ይህን ውሳኔ ቀመሩ አይሰጥም፤ የሚሰጠው የአሞላሉን ሥራ በአእምሮው ማየት የሚችል መሐንዲስ ነው።

በዚያው ቢም ላይ ሌላም ትምህርት አለ። ብዙ ጀማሪዎች ብረት በበዛ ቁጥር ሕንፃው ይበልጥ አስተማማኝ ይሆናል ብለው ያምናሉ። ነገር ግን በምሳሌው ቢም ውስጥ ፌሮው በእጥፍ ቢጨመር የመሸከም አቅሙ የሚጨምረው በ66 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከዚያም በላይ ሲበዛ ብረቱ መለጠጥ ሳይጀምር ኮንክሪቱ በድንገት ይፈጫል። በልኩ የታሰረ ቢም ከመውደቁ በፊት ጎብጦና ተሰንጥቆ ሰው እንዲሸሽ ያስጠነቅቃል፤ ከልክ በላይ የታሰረው ግን ሳያስጠነቅቅ ይወድቃል። ለደኅንነት ተብሎ የተጨመረ ብረት የማስጠንቀቂያውን ጊዜ ሊነጥቅ እንደሚችል ያልተማረ መሐንዲስ ሥዕል ላይ ለመፈረም ገና አልደረሰም።

በሦስተኛ ደረጃ የሚመጣው ደንቡ ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ደንብ ቋሚውን ጭነት በ1.3፣ ተለዋዋጩን በ1.6 ያባዛ ነበር፤ የአውሮፓን ደንብ ተከትሎ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው ደግሞ 1.35ና 1.5 አድርጎታል። ቁጥሩን ብቻ የሸመደደ ሰው ደንቡ ሲለወጥ እውቀቱ ያረጅበታል። ቁጥሩ የቆመለትን ምክንያት፣ ይኸውም ተለዋዋጩ ጭነት ከቋሚው ይልቅ አጠራጣሪ መሆኑን የተረዳ ግን አዲሱን ደንብ በአጭር ጊዜ ይለምደዋል።

ኮምፒዩተርስ ወዴት ይቀመጥ? ጥፋቱን ሁሉ በእርሱ ላይ መጫን ፍትሕ አይደለም። ከእርሱ በፊትም ሠንጠረዥን ያለ ማስተዋል ይገለብጥ የነበረ መሐንዲስ አልታጣም። ኮምፒዩተር ድካምን ይቀንሳል፤ በእጅ ሊደረስባቸው የማይችሉ ስሌቶችንም ይሠራል። ይሁን እንጂ ተማሪው መልሱን አስቀድሞ በግምት ካልያዘ፣ የገባው ጭነት አንድ ዜሮ ቢጎድለው አያውቅም። ስለዚህ ቦታው ከእጅ ስሌት በኋላ ነው፤ በማሽን የወጣ ማንኛውም ዋና ቢም ከመፈረሙ በፊት በአንድ ገጽ የእጅ ስሌት ሊፈተን ይገባዋል።

በመጨረሻም ትምህርቱ በሜዳ ይፈጸማል። ሁለት ነገሮች ብቻ ለአብነት ይጠቀሱ። ለ50 ኪሎ ሲሚንቶ 25 ሊትር ውኃ ታዝዞ ሳለ አሞላሉን ለማቅለል 10 ሊትር ቢጨመር የውኃው መጠን ከ0.5 ወደ 0.7 ይወጣል፤ ውኃ በበዛ ቁጥር ጥንካሬ እንደሚቀንስ ደግሞ ዳፍ ኤብራምስ በ1918 እ.ኤ.አ. አሳይቷል። ሁለተኛው የስታፋው ጫፍ ነው። በ135 ዲግሪ ታጥፎ ወደ ውስጥ ያልገባ ስታፋ፣ የምሰሶው ሽፋን በመሬት መንቀጥቀጥ ሲረግፍ ይከፈታል፤ ዋናዎቹ ብረቶችም ያለ ማቀፊያ ይቀራሉ። ይህ በስምጥ ሸለቆ አጠገብ ለሚገነባ አገር ተራ ጉዳይ አይደለም። በ1961 እ.ኤ.አ. በካራቆሬ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን ክፉኛ ጎድቷል፤ ከ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ እስከ 2025 መጀመሪያ በፈንታሌ አካባቢ የተደጋገመው ደግሞ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። የስታፋውን ጫፍ በተጨማሪ ጥቂት ሴንቲሜትር ማጠፍ ለፌሮ ሠራተኛው የአንድ አፍታ ሥራ ነው፤ ምክንያቱን የነገረው ካለ ደግሞ ሳይታዘዝ ይሠራዋል።

እንግዲህ ከማኅበሩ አባላት የሚጠበቀው ከባድ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ልምድ ያለው መሐንዲስ ፌሮ ሊረከብ ሲሄድ አንድ ጀማሪ አስከትሎ ይሂድ፤ ሥዕሉን ያነደፈው ጀማሪ ቢሆን ደግሞ ኮንክሪቱ ሲሞላ ቆሞ ይይ። ፌሮ ሠራተኛው «ይህ አይገባም» ሲል ጀማሪው ከመከራከሩ በፊት ክፍተቱን በሜትር ይለካ። ሕንፃው ከተጠናቀቀ በኋላ ሥዕሉ በመዝገብ ቤት፣ ፌሮውም በኮንክሪት ውስጥ ተሰውረው ይቀራሉ፤ በዚያ ጣሪያ ሥር የሚያድር ሰው ሁለቱንም አያያቸውም። የሚተማመነው ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ባረጋገጠው መሐንዲስ ነው።