ከሶደሬ በታችም ሰው አለ

የማኅበሩ ጸሐፊ በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ያሰሙት ንግግር



የአዋሽ ነገር ሲነሣ ሁላችንም ጣታችንን ወደ ላይ ነው የምንቀስረው። እውነት ነው፤ የአዲስ አበባ ቆሻሻ በአቃቂ ወንዝ፣ የሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎች ፍሳሽ በሞጆ ወንዝ ቆቃ ይገባል፤ ከዚያ ወንጂን አልፎ እኛ ዘንድ ይደርሳል። እኛስ? ከኛ በታች መተሐራ አለ፤ አፋር አለ፤ እዚያ ሰውም ከብትም ከዚሁ ወንዝ ይጠጣል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ አቤ ሐይቅ ገብቶ እዚያው ይቀራል።

ፍሳሽ ማጣሪያ ሲባል ብዙ ሰው ትልቅ ፋብሪካ ይመስለዋል። ቃሊቲ መጀመሪያ የተሠራው እኮ ኩሬ ነበር። ፍሳሹ ከኩሬ ወደ ኩሬ ቀስ ብሎ ሲያልፍ ዝቃጩ ከታች ይቀራል፤ የቀረውን በዓይን የማይታዩ ተሐዋስያን ይበሉታል፤ ፀሐይም ያግዛል። ፀሐይ እንደሆነ ሶደሬ ሞልቶናል! ማኅበሩ ከወንዙ ራቅ ያለ ቦታ እንዲሰጠን ማመልከቻ ጽፏል፤ መጥታችሁ ፈርሙ።

እስከዚያው የመጸዳጃ ጉድጓድ ከወንዝም ከምንጭም ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ። ክረምት ሲገባ «ጎርፍ ይወስደዋል» ብሎ ጉድጓዱን ወደ ቦይ የሚለቅ አለ። ስም አልጠራም፤ ራሱን ያውቃል። ዘንድሮ ግን የማኅበሩ ኮሚቴ ቦዩን እየዞረ ያያል።