ከትራክተሩ በፊት የሥራ ሰዓቱ ይቆጠር
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባል ማኅበራትና ለጥሪ እንግዶች የቀረበ ንግግር)







በምሥረታ በዓል ዕለት የተሠራውን መዘርዘር የተለመደ ነው። የዛሬው ንግግር ግን ገና ስላልተሠራ፣ በየማኅበሩ ስብሰባ ላይ እየተነሳ ስለሚያድር አንድ ጉዳይ ነው። ይኸውም ማኅበራት ገንዘብ አዋጥተው ያገለገለ የእጅ ትራክተር ከነተቀጥላ መሣሪያው ይግዙ ወይስ አይግዙ የሚለው ነው። የእጅ ትራክተር ማለት በተለምዶ ዎኪንግ ትራክተር የሚባለው፣ አንድ ሰው ከኋላው እየተራመደ በሁለት እጁ የሚመራው ባለ ሁለት ጎማ ማሽን ነው። አዲሱ ለአነስተኛ ማኅበር ስለሚከብድ ዓይን ሁሉ ያገለገለው ላይ ማረፉ አይገርምም። ሆኖም የሚወጣው ገንዘብ አባላቱ ከጎመንና ከድንች ሽያጭ፣ ከወተትም ጭምር በሳንቲም ያጠራቀሙት ነው። ስለሆነም ግዢው በጉጉት ሳይሆን በስሌት መመራት ይኖርበታል።

ማሽኑ በማን እጅ ነው?

ትራክተር ለኢትዮጵያ ገበሬ አዲስ ነገር አይደለም። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን እርዳታ ሥራ በጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭር አጠራሩ በካዱ፣ አካባቢ የእርሻ ሥራ በማሽን ሲስፋፋ ምርት ጨምሯል። ይሁን እንጂ ትራክተር የገዙና የተከራዩ ባለመሬቶች ጢሰኛው ከእንግዲህ አያስፈልገንም በማለት ከመሬቱ አፈናቅለውታል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ እስኪወጣ ድረስ፣ ለባለመሬቱ በረከት የሆነው ማሽን ለጢሰኛው ስደት ነበር። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ትራክተር መጥፎ ነው የሚል አይደለም። ዋናው ነገር ማሽኑ በማን እጅ እንዳለና ተራው በማን ፈቃድ እንደሚወጣ ነው። ባለ ብዙ ዕጣውም ባለ አንድ ዕጣውም እኩል አንድ ድምፅ ያለው በኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ ነው። ስለዚህ የጋራ ማሽን ትክክለኛ ቦታው ማኅበሩ ነው ቢባል ስህተት አይሆንም።

ከውጭ የሚጠቀስ ሌላ ምሳሌ ባንግላዴሽ ናት። እ.ኤ.አ. በ1988 ታላቅ ጎርፍ ደርሶ ብዙ የእርሻ ከብት ካለቀ በኋላ፣ የአገሪቱ መንግሥት በአነስተኛ የእጅ ትራክተሮች ላይ የነበረውን የማስገቢያ ገደብ አላላ። ዛሬ አብዛኛው የአገሪቱ መሬት የሚታረሰው በእነዚህ ማሽኖች ነው። ነገር ግን አብዛኛው ገበሬ የማሽን ባለቤት አይደለም፤ ማሽን ያለው ለሌለው በኪራይ ያርስለታል። በኢትዮጵያም ዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማዕከል፣ ሲሚት፣ ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ በአውስትራሊያ ድጋፍ ባለ ሁለት ጎማ ትራክተርን ሲያስተዋውቅ ይህንኑ የኪራይ አገልግሎት መንገድ ተከትሏል። ምክንያቱ ቀላል ነው። አንድ ትንሽ ማሳ ብቻውን ማሽን ሊቀልብ አይችልም።

የሰዓቱ ስሌት

ለአብነት ከቀጨኔ ወንዝ በላይ ሃያ አትክልት አምራቾች አሉ ቢባልና እያንዳንዳቸው 1000 ካሬ ሜትር ቢኖራቸው፣ ድምሩ 2 ሄክታር ነው። የተለመደው የእጅ ትራክተር አፈር መፍጫው፣ ማለትም ሮታቬተሩ፣ ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በሰዓት 2 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ በወረቀት ላይ 1200 ካሬ ሜትር ያርሳል። መዞሪያው፣ ድንጋዩና ነዳጅ መሙያው ሲሶውን ሰዓት ይወስዳል ተብሎ ቢታሰብ የሚቀረው 800 ካሬ ሜትር ነው። ስለዚህ ሁለቱን ሄክታር አንድ ጊዜ ለማረስ 25 ሰዓት ይበቃል። ሁለት ጊዜ ቢታረስና በዓመት ሦስት ጊዜ ቢተከል ጠቅላላው 150 ሰዓት ነው። ይህም ስምንት ሰዓት በሚሠራበት ቀን ሲለካ አሥራ ዘጠኝ ቀን አይሞላም። የቀረውን ዓመት ማሽኑ ጥላ ሥር ቆሞ ይከርማል ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ገንዘቡ ይታይ። የገበያ ዋጋ ሳይሆን ለስሌት እንዲመች ብቻ ማሽኑ በ300,000 ብር ተገዝቶ ከአምስት ዓመት በኋላ በ100,000 ብር ይሸጣል ቢባል፣ በየዓመቱ የሚያልቀው 40,000 ብር ነው። በዓመት 150 ሰዓት ብቻ ከሠራ፣ ከናፍጣና ከጥገና በፊት እያንዳንዱ ሰዓት 267 ብር ያህል ያስወጣል። በዓመት 500 ሰዓት ከሠራ ግን 80 ብር ብቻ ይሆናል። እርግጥ ብዙ የሠራ ማሽን ቶሎ ስለሚያረጅ መሸጫው ሊወርድ ይችላል፤ ቢሆንም ልዩነቱ ሰፊ ነው። ሰዓቱን ቆጥሮ ሥራ ያላገኘ ማኅበር ባይገዛ፣ ሌላ ቦታ ያለውን ቢከራይ ይሻለዋል። ይህ ውሳኔ ድክመት ሳይሆን ብልህነት ነው።

ማሽኑን የሚያዋጣው ተቀጥላው ነው

ከ150 ሰዓት ወደ 500 ሰዓት የሚያደርሰው ማረሻው ሳይሆን ተሳቢው፣ የውሃ ፓምፑና የመኖ መክተፊያው ነው። የጉለሌ አምራች ፍግ ከከብት አርቢው ወደ ማሳ፣ ምርቱንም ከማሳ ወደ ገበያ ያመላልሳል። በበጋ ውሃ ይስባል። ላም ያለው አባል ሣርና ገለባ ይከትፋል። እነዚህ ሁሉ በአንድ ሞተር በቺንጋ ወይም በመጎተቻው ሊሠሩ ይችላሉ። በመሆኑም ያለ ተቀጥላ በርካሽ የሚቀርብ ማሽን ብዙውን ጊዜ ርካሽ አይደለም።

በዚህ ረገድ ሦስት ነገሮችን ልብ ማለት ይገባል። አንደኛ፣ የተቀጥላው መያዣ ፒንና የቡሎን ቀዳዳ ከዚያው ማሽን ጋር መግጠሙ እዚያው ተገጥሞ ይታይ፤ ከሌላ ሞዴል የመጣ ተቀጥላ በብየዳ ካልተቀየረ አይገባም። ሁለተኛ፣ የሮታቬተሩ ምላጮች ምን ያህል እንዳለቁ ይታይ፤ ሰንሰለቱና ኩሽኔታው በእጅ ተወዝውዞ ይፈተሽ። ሦስተኛ፣ ተሳቢው የራሱ ፍሬን ይኑረው። ቁልቁለት በበዛበት ሰፈር ፍሬን የሌለው ተሳቢ መግዛት ሕይወትን በዋጋ እንደ መደራደር ይቆጠራል።

ከፍታና ተዳፋት

ጉለሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ ነው፤ የእንጦጦ ራስጌማ ከ3000 ሜትር ያልፋል። አየሩ ስለሚሳሳ ተርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ጉልበቱን ከአምስት አንድ እስከ ከአራት አንድ ያህል ያጣል። ስለዚህ 12 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የሚሸጥ ማሽን እዚህ የሚሰጠው 9 ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ቆላ ላይ በቀላሉ የጎተተው ጭነት እንጦጦ መንገድ ላይ ቢያቆመው ሻጩ ዋሽቷል ማለት አይደለም። ውሃም በዚህ ከፍታ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። በመሆኑም ራዲያተር የሌላቸው፣ በክፍት ጋን ውሃ የሚቀዘቅዙ ሞተሮች ውሃቸው ቶሎ ስለሚያልቅ ነጂው ጀሪካን ሊለየው አይገባም።

ከሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት የመሪው ጠባይ ነው። በአብዛኞቹ የእጅ ትራክተሮች የቀኙ መሪ ሲጨበጥ የቀኙ ጎማ ከሞተሩ ይላቀቃል። በሜዳ ላይ የግራው ጎማ ስለሚገፋ ማሽኑ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ጭነት ይዞ ቁልቁል ሲወርድ ግን የተላቀቀው የቀኝ ጎማ ፈጥኖ ይሮጣል፤ የግራው በሞተሩ ተይዞ ይዘገያል፤ ማሽኑም ነጂው ካሰበው በተቃራኒ ወደ ግራ ይዞራል። ይህን የማያውቅ ነጂ ተሳቢ ጭኖ ከእንጦጦ ሥር መውረድ የለበትም። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ በዝቅተኛ ማርሽ ይያዝ፤ ማርሽ አውጥቶ መንሸራተት ፈጽሞ አይገባም። ተዳፋት ማሳ ሲታረስም ወደ ታች ሳይሆን አግድም ይታረስ፤ አለበለዚያ የክረምቱ ጎርፍ ለምለሙን አፈር ይዞት ይወርዳል።

ያገለገለ ማሽን ሲመረመር

መርማሪዎቹ ሲደርሱ ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆኑን በእጅ ዳስሰው ያረጋግጡ። ቀድሞ የሞቀ ሞተር ቀዝቃዛው የሚያጋልጠውን ጉድለት ይደብቃል። በማኖቬላ ሲዞር ፒስተኑ ጠንካራ ግፊት ከሌለው ሞተሩ አልቋል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየነደደ መሆኑን ያሳያል። ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የማይጠፋ ነጭ ጭስ የፓምፓ ወይም የውሃ መፍሰስ ችግር ይጠቁማል። ጥቁር ጭስ በዚህ ከፍታ በጥቂቱ የሚጠበቅ ቢሆንም በብዛት ከወጣ ኖዝሉ ይታይ። ሞተሩ ሥራ ላይ ሳለ በማቀዝቀዣው ውሃ ውስጥ ጋዝ ያለማቋረጥ ቡልቅ ቡልቅ ካለ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሳይሄድ አልቀረም። የካምቢዮው ዘይት ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶታል፤ የብረት ብናኝ ከታየበትም ማርሹ እየተበላ ነው።

ከዚያ በኋላ ማሽኑ እውነተኛ አፈር ውስጥ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይሥራ። በሻጩ ግቢ ሲሚንቶ ላይ ያማረ ድምፅ ማሳ ላይ ሊለወጥ ይችላል። እግረ መንገድም የዚያ ሞዴል መለዋወጫ በሶማሌ ተራ ወይም በሌላ ቦታ መኖሩን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ለወፍጮና ለፓምፕም የሚውለው የቻይናው ኤስ 195 ዓይነት ሞተር በብዙ አገር ተመራጭ የሆነው በጉልበቱ ሳይሆን መለዋወጫው በቀላሉ ስለሚገኝ ነው።

ወረቀቱ

የማሽኑ መለያ ቁጥር በጉምሩክ ሰነዱ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። በ2011 ዓ.ም. መንግሥት የእርሻ ማሽኖች ከቀረጥና ታክስ ነፃ እንዲገቡ ማድረጉ ይታወቃል። ይሁን እንጂ በዚህ መብት የገባ ዕቃ መብቱ ለሌለው ሲተላለፍ ቀረጡ ሊጠየቅ ስለሚችል፣ ጉዳዩ ከመፈረም በፊት ይጣራ። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ተቀጥላዎቹም አንድ በአንድ ይዘርዘሩ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጩን ለዕቃው ጉድለት ኃላፊ ያደርገዋል፤ ገዢም ዕቃውን ፈጥኖ መርምሮ ጉድለቱን ለሻጩ ማሳወቅ ይጠበቅበታል። ጉድለት አይቶ ዝም ያለ ገዢ መብቱን ያጣል።

በወንዝ ዳር የሚያመርቱ አባላት አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለባቸው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ የተያዘው የወንዝ ዳርቻ ልማት የብዙ ማሳዎችን ዕጣ ነክቷል። ስለሆነም የመሬቱ ይዞታ እስከ መቼ እንደሆነ ከወረዳው በጽሑፍ ሳይጠየቅ ለአምስት ዓመት የታሰበ ማሽን መግዛት አይገባም። እዚህ ላይ የአመራሮቹ ትብብር ያስፈልጋል። ግልጽ መልስ፣ እምቢታም ቢሆን፣ የአባላትን ቁጠባ ያድናል።

ከግዢው በኋላ

የሁሉም የሆነ ንብረት ጠባቂ ካልተመደበለት የማንም አይሆንም። ስለዚህ ማሽኑ ከመድረሱ በፊት ጠቅላላ ጉባኤው አጭር መተዳደሪያ ያጽድቅ። የሠለጠኑ ሁለት ነጂዎች ይመደቡ፤ ከእነርሱ በቀር ማንም አይንዳ። አብዛኛው የእጅ ትራክተር ሰዓት ቆጣሪ ስለሌለው እያንዳንዱ የሥራ ሰዓት፣ ናፍጣና ዘይት በመዝገብ ይጻፍ። አባሉ በሰዓት የሚከፍለው ገንዘብ ናፍጣውን ብቻ ሳይሆን ጥገናውንና ለቀጣዩ ማሽን የሚቀመጠውን ይሸፍን። ሮታቬተሩ እየዞረ ወደ ኋላ ማሽከርከር፣ ሞተሩ ሳይጠፋም በምላጩ የተጠመጠመ ሣር በእጅ ማውጣት የተከለከለ ይሁን።

የመጨረሻውና ዋናው ነገር ተራ ነው። ዝናብ እንደጣለ ሁሉም በአንድ ቀን ማረስ ይፈልጋል። ተራው አስቀድሞ በጉባኤ ፊት በዕጣ ካልወጣ፣ ቀድሞ የሚያርሰው ጉልበትና ዘመድ ያለው ይሆናል። በሬ የሌላት፣ ቀን ሠራተኛ መቅጠሪያ ያጣች፣ በዶማ ብቻ የምትቆፍር እናት ግን መጨረሻ ላይ ትቀራለች። ማሽኑ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ለእርሷ ነው። የእርሷ ማሳ በጊዜው ከታረሰ ማኅበሩ ትራክተር ገዝቷል ማለት ይቻላል። ካልታረሰ ግን የገዛው ብረት ብቻ ነው።

እንግዲህ ማኅበራት ወደ ገበያ ከመውጣታቸው በፊት አንድ ደብተር ከፍተው የእያንዳንዱን አባል ማሳ ስፋትና የዓመቱን ሥራ በሰዓት ይመዝግቡ። ግዙ ወይም አትግዙ የሚለውን መልስ የሚሰጠው ያ ደብተር ነው።