ጠያቂ ያጣ ግድብ



ዛሬ የምናነሣው ነገር በአንድ ኮሌጅ ላይ የደረሰ ስለ ሆነ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በአሜሪካ፣ በጆርጂያ ግዛት፣ ከቶኮዋ ፏፏቴ የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ በላይ ኬሊ ባርንስ የተባለ ትንሽ ግድብ ነበር። በ1899 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች ነው) በድንጋይ ተካበ፤ ኋላም አፈር ተደልድሎበት ቁመቱ ወደ 12 ሜትር ደረሰ። በ1957 የኤሌክትሪክ ማመንጫው ሲቆም ሐይቁ መዝናኛ ብቻ ሆነ፤ ግድቡም ጠያቂ አጣ።

ተዳፋቱ እጅግ ቀጥ ያለ ነበር፤ ዛፍም በቀለበት። ዛፍ መልካም ነው እንላለን፤ በግድብ ላይ ግን ሥሩ ሲበሰብስ ለውሃ መንገድ ይተዋል። በ1973 የታችኛው ፊቱ በከፊል ተንዶ ነበር። ኖቬምበር 6 ቀን 1977፣ ከብርቱ ዝናብ በኋላ፣ ሰው ሁሉ በተኛበት ሌሊት ግድቡ ፈረሰ፤ 39 ሰዎች ሞቱ። መርማሪዎች የንድፉን ወረቀት ፈልገው አላገኙም፤ አንድ ብቸኛ ምክንያትም ለይተው ለማመልከት አልቻሉም።

በአገራችንም በትግራይ በ1990ዎቹ ለመስኖ ከተሠሩት ትንንሽ የአፈር ግድቦች ብዙዎቹ ውሃ ያሰርጋሉ፤ ደለልም ሞልቶባቸዋል። ጥቂት የጠራ ውሃ መስረጉ የአፈር ግድብ ጠባይ ነው፤ የደፈረሰ ሲወጣ ግን ግድቡ ከውስጥ እየተበላ ነው። ይህንን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያሻም፤ አንድ የመስተዋት ብርጭቆ ይበቃል።

እንግዲህ ለክረምት ወደየቤታችን ስንሄድ፣ በአጠገባችን ግድብ ያለን ከሥሩ ወርደን ውሃውን እንቅዳ፤ ደፍርሶ ያገኘነውም በዚያው ቀን ለወረዳው እናስታውቅ።