የእግር ሕመምና መድኃኒቱ



ከሰውነታችን ክፍሎች ሁሉ እንደ እግር ብዙ የሚደክም፣ እንደ እግርም የተረሳ የለም። ፊታችንን በየማለዳው በመስታወት እንመለከታለን፤ ጥርሳችንን እንፍቃለን፤ ጠጕራችንን እናበጥራለን። እግራችንን ግን በካልሲና በጫማ ሸፍነን ቀኑን ሙሉ እንቆምበታለን፤ ሲያመንም «ድካም ነው፣ ያልፋል» ብለን እንተወዋለን። ስለዚህ ዛሬ የእግር ሕመም ብዙውን ጊዜ ከምን እንደሚመጣና ምን እንደሚደረግለት፣ በመጨረሻም ከማመሙ ይልቅ አለማመሙ የሚያሰጋ እግር እንዳለ ላስረዳችሁ እወዳለሁ።

አንዱ እግር ብቻ ከቁርጭምጭሚት ጀምሮ እስከ ጣቶች ጫፍ 26 አጥንቶች አሉት። የሁለቱ ድምር 52 ነው፤ ይህም በመላ ሰውነታችን ካሉት 206 አጥንቶች አንድ አራተኛ ያህል መሆኑ ነው። እነዚህ ሁሉ በጅማት ተሳስረው የሰውነታችንን ክብደት ይሸከማሉ። ሐኪምም ዘንድ በሄድን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀን ሁለት ነገር ነው፤ የሚያምዎ የት ላይ ነው? የሚብስብዎስ መቼ ነው?

ጠዋት ከአልጋው ወርዶ መሬት ሲረግጥ ተረከዙን በሚስማር የተወጋ ያህል የሚያመው፣ ጥቂት ከተራመደ በኋላ ግን ቀለል የሚለው ሰው፣ ብዙውን ጊዜ የተጎዳበት ከተረከዝ ተነሥቶ እስከ ጣቶች ሥር የሚዘረጋው የውስጥ እግር ጅማት ነው። ይህ ሕመም ቆመው የሚውሉትን፣ ክብደታቸው የጨመረውን፣ ሶሉ የሳሳ ጫማ የሚያደርጉትንም ይበልጥ ያጠቃል። ሕክምናው ቀላል ነው፤ ነገር ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። ከአልጋ ከመውረድ በፊት የእግርን ጣቶች በእጅ ይዞ ወደ ራስ መሳብ፣ ግድግዳ ተደግፎ ባትን ማሳሳብ፣ ተረከዙ የሚመች ጫማ ማድረግ፣ ማታም ቀዝቃዛ ውሃ የተሞላ ጠርሙስ በውስጥ እግር ማንከባለል ይጠቅማል። አብዛኛው ሰው በዚህ ብቻ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ይሻለዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ጫማችን ራሱ ነው። ለማማር ሲባል አፍንጫው የሾለ ወይም ተረከዙ የረዘመ ጫማ ማድረግ ጣቶችን ያጨናንቃል፤ ቆዳውን ያደድራል፤ በአውራ ጣት ሥር ያለውም አጥንት ወደ ጎን እየወጣ ለሚሄድበት ሰው ሕመሙን ያብስበታል። ጫማ የሚገዛ ሰው ከሰዓት በኋላ ቢገዛ ይመረጣል፤ እግር ውሎ ሲያድር ሳይሆን ቆሞ ሲውል ያብጣልና። የእግርንም ጥፍር በጣም አሳጥሮ ማዕዘኑን አዙሮ መቍረጥ ጥፍሩ ወደ ሥጋ እንዲገባ ስለሚያደርግ ቀጥ አድርጎ መቍረጥ ይገባል።

ሦስተኛው ሪህ ነው። ሕዝቡ የመገጣጠሚያን ሕመም ሁሉ በዚህ ስም ይጠራዋል፤ ሐኪሞች በተለየ የሚሉት ግን ዩሪክ አሲድ የተባለው ነገር በደም ውስጥ በዝቶ በመገጣጠሚያ ውስጥ እንደ መርፌ የሾለ ደቃቅ ጠጠር ሲሠራ ነው። ብዙ ጊዜ በሌሊት በድንገት ይነሣል፤ የአውራ ጣትን ሥር ያቀላዋል፤ ያሳብጠዋል፤ የአንሶላ መንካት እንኳ አያስችልም። ሥጋና ጉበት ማብዛት፣ ቢራና ሌላም የአልኮል መጠጥ ያባብሱታል። ሕመሙን የሚያስታግሥና ተመልሶ እንዳይመጣ አሲዱን የሚቀንስ መድኃኒት ስላለ በሐኪም ትእዛዝ ይወሰዳል።

ወለምታ የደረሰበት ሰው ደግሞ እግሩን ያሳርፍ፤ ከፍ አድርጎ ያስቀምጥ፤ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶም ያድርግበት። አራት እርምጃ እንኳ መራመድ ካቃተው አጥንቱ ተሰብሮ ሊሆን ስለሚችል ወጌሻ ከማሸቱ በፊት ራጅ መነሣት ይገባዋል።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ስለሚያም እግር ነው። ሕመም ክፉ ቢሆንም መልእክተኛ ነው፤ ጉዳት መድረሱን ይነግረናል። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ግን ይህን መልእክተኛ ሊያጣ ይችላል። ስኳር በደም ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሲበዛ የእግርን ነርቮች ይጎዳል፤ ደም ወደ እግር የሚወስዱትንም ሥሮች ያጠባል። በመጀመሪያ እግሩን ያቃጥለዋል፣ ይነዝረዋል፤ በኋላ ግን ይደነዝዛል። ሰውየውም «ተሻለኝ» ይላል። በጫማው የገባ ጠጠር ቀኑን ሙሉ ሲያቆስለው አይሰማውም፤ በብርድ ጊዜ ከከሰል ማንደጃ አጠገብ ተቀምጦ እግሩ ሲቃጠል አያውቅም። ትንሽዋ ቍስል ታመረቅዛለች፤ እስከ አጥንትም ትደርሳለች፤ ፍጻሜው እግርን መቍረጥ የሆነባቸው ብዙዎች ናቸው።

ይህ ጥፋት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሊከለከል የሚችል ነው፤ የሚጠይቀውም በየማታው ጥቂት ደቂቃ ነው። የስኳር ሕመምተኛ የሆነ ሁሉ እግሩን ይታጠብ፤ ውሃው ለብ ያለ መሆኑን በእግሩ ሳይሆን በክርኑ ይለካ፤ በጣቶቹም መካከል አድርቆ ይጥረግ። ውስጥ እግሩን በመስታወት ይመልከት፤ ማየት ካልቻለ ልጁ ወይም ባለቤቱ ይዩለት። ጫማውን ከማጥለቁ በፊት ውስጡን በእጁ ይዳብስ፤ በቤትም ውስጥ በባዶ እግሩ አይሂድ፤ የደደረ ቆዳ በምላጭ አይቍረጥ። ቍስል፣ እብጠት ወይም የቀለም ለውጥ ያየ እንደ ሆነ፣ ባያመውም እንኳ፣ «እስከ ሰኞ ልታገሥ» ሳይል በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። ከቢሮ ወንበር ላይ ስትነሡ የሚያነክስ የሥራ ጓደኛ ያያችሁ እንደ ሆነ ይህንን ንገሩት። በቤታችሁም የስኳር ሕመምተኛ አባት ወይም እናት ካላችሁ ዛሬ ማታ «እስቲ እግርዎን ልይ» በሏቸው። ምናልባት እርሳቸው ያልተሰማቸውን እናንተ ታዩላቸው ይሆናል።