«የትኛው ሕግ? ቁጥሩስ ስንት ነው?»

በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር

 

የዛሬው ርእሴ ሕግ ነው። ሕግ ላስተምር ግን አልተነሳሁም፤ ያ የዳኞችና የጠበቆች ሙያ ነው። እኔ የምነግራችሁ የሕጉ ወረቀት የት እንደሚገኝና እንዴት እንደሚፈለግ ነው። ርእሱን የመረጥኩት በየስብሰባችን «ሕጉ አይፈቅድልሽም ተባልኩ» የሚል ቃል ስለሚደጋገም ነው። መሬቷን ልታከራይ የሄደች፣ ባሏ ሲሞት የይዞታ ደብተሯን ልታስተካክል የሄደች፣ ተቀጥራ በምትሠራበት የወሊድ ፈቃድ የጠየቀች፣ ሁሏም ይህንኑ ይዛ ትመለሳለች። የትኛው ሕግ እንደሆነ ስትጠየቅ ግን አታውቅም፤ የነገራትም ሰው ቁጥሩን አልነገራትም። ሕጉ በእርግጥ የሚከለክላት ሊሆን ይችላል። ግን ሳታየው ለምን ትመለስ?

ድሮ አዋጅ ሲወጣ ነጋሪት እየተጎሰመ በገበያ ይነገር ነበር። ከመጋቢት 1934 ጀምሮ ደግሞ ሕግ በነጋሪት ጋዜጣ እየታተመ መውጣት ጀመረ፤ የጋዜጣው ስም የመጣው ከዚያው ከነጋሪቱ ነው። በ1987 በአዋጅ ቁጥር 3 የአሁኑ ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ተቋቋመ። በዚህ ጋዜጣ የወጣን ሕግ የፌዴራልም የክልልም መሥሪያ ቤት፣ ፍርድ ቤትም ሆነ ማንኛውም ሰው የመቀበል ግዴታ አለበት። አላየሁም ማለት ለእኛም ለቢሮውም አያዋጣም። ጋዜጣው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ይታተማል፤ ሁለቱ ከተለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛ አላውቅም ብላችሁ አትፍሩ። የአማራ ክልል ምክር ቤት የሚያወጣቸው ሕጎች ደግሞ የሚታተሙት «ዝክረ ሕግ» በተባለው በክልሉ ጋዜጣ ነው።

እንግዲህ ማንኛውንም ሕግ ስትፈልጉ ሦስት ጥያቄ ያዙ።

አንደኛው፣ ያወጣው ማን ነው? በስልክ «የቤተሰብ ሕግ» ብላችሁ ብትፈልጉ ቀድሞ የሚመጣላችሁ ብዙ ጊዜ የፌዴራሉ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። እኛ የምንኖረው ግን በአማራ ክልል ነው፤ የጋብቻና የፍቺ ጉዳያችን የሚታየው በክልሉ የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። የሌላውን ሕግ አንቀጽ ይዛችሁ ችሎት ብትቀርቡ ድካም ብቻ ይሆናል።

ሁለተኛው፣ ቁጥሩና ዓመቱ ስንት ነው? እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያደናግር ነገር አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ በአማርኛ 1156/2011 ተብሎ ይጻፋል፤ በእንግሊዝኛው ገጽ ግን 1156/2019 ነው። ሕጉ አንድ ነው፤ የተለየው የእኛና የፈረንጁ ዘመን አቆጣጠር ነው። ስለዚህ ዓመቱ ሲለያይ ሁለት ሕግ አለ ብላችሁ አትደንግጡ፤ መጀመሪያ የተጻፈውን ቁጥር አስተያዩ።

ሦስተኛው፣ አሁንም ይሠራል ወይስ ተተክቷል? ቀድሞ የነበረው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 377/1996 ከወሊድ በኋላ የሚሰጠውን ፈቃድ 60 ቀን አድርጎት ነበር። አዲሱ 90 ቀን አድርጎታል። አሮጌውን አንብባ የምትቀመጥ እናት 30 ቀን ከልጇ ጋር የምታሳልፍበትን ጊዜ ታጣለች። የመሬቱም እንዲሁ ነው። የክልላችን የገጠር መሬት አዋጅ 133/1998 በየሥልጠናው ስለተሰጠ እስከ ዛሬ በየቤቱ ይገኛል፤ ነገር ግን በአዋጅ ቁጥር 252/2009 ተተክቷል። አዲስ አዋጅ የትኛውን እንደሻረ ራሱ ይናገራል፤ «የተሻሩ ሕጎች» የሚለውን አንቀጽ ወደ መጨረሻው ገጾች ፈልጉት።

አዋጅ ብቻውን ደግሞ አይበቃም። አዋጅን የሚያወጣው ምክር ቤቱ ነው፤ ማስፈጸሚያ ደንብ የሚያወጣው መስተዳድሩ ነው፤ መመሪያ የሚያወጣው ቢሮው ነው። ለምሳሌ ለመሬት አዋጁ ደንብ ቁጥር 159/2010 ወጥቶለታል። ደንብ ከአዋጁ፣ መመሪያም ከሁለቱ ሊቃረን አይገባም። «መመሪያ ነው» ስትባሉ መመሪያውን ለማየት በትሕትና ጠይቁ። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን በተመለከተ አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ጥሩ ነገር አምጥቷል፤ ያልተመዘገበና በድረ ገጽ ያልተጫነ መመሪያ ተፈጻሚ አይሆንም ይላል። ይህ አዋጅ የክልል ቢሮዎችን አይመለከትም። ቢሆንም የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 እና አዋጅ ቁጥር 590/2000 መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥተውናል። ጥያቄውን በጽሑፍ አድርጉት፤ ቅጂውን ለራሳችሁ አስቀሩ።

ወረቀቱስ የት ይገኛል? ነጋሪት ጋዜጣን የሚያትመው አዲስ አበባ ያለው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ድርጅት ነው። የቆዩ እትሞችን የሚፈልግ ደግሞ እዚያው አዲስ አበባ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ በተለምዶ ወመዘክር በምንለው፣ መጠየቅ ይችላል። ለእኛ ግን አዲስ አበባ ሩቅ ነው። ከቅርብ እንጀምር። ፍርድ ቤቶችና የፍትሕ መሥሪያ ቤቶች ሥራቸው በእነዚሁ ሕጎች ስለሆነ መጀመሪያ የምንጠይቀው እነሱን ነው፤ ለመሬት ጉዳይ የወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት አለ። እንጅባራ ዩኒቨርሲቲም በደጃችን ነው፤ ማኅበራችን ደብዳቤ ጽፎ አባላቱ ቤተ መጻሕፍቱን እንዲጠቀሙ ፈቃድ ቢጠይቅ መልካም ነው። ባሕር ዳር የሚማር ልጅ ያላችሁም በዩኒቨርሲቲው የሕግ መጻሕፍት ውስጥ እንዲፈልግላችሁ ቁጥሩን ጽፋችሁ ስጡት።

በኢንተርኔት በኩል የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና የፍትሕ ሚኒስቴር ድረ ገጾች አዋጆችን ያወጣሉ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ የሰበር ውሳኔዎችን በቅጽ በቅጽ አሳትሟል። ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ወዲህ የዚህ ሰበር ችሎት የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ስለሚያስገድድ፣ የክርክር ጉዳይ ያላት ሴት አዋጁን ብቻ ሳይሆን ውሳኔውንም ብታስፈልግ ይጠቅማታል። ብዙዎቹ ፋይሎች የገጽ ፎቶ ስለሆኑ በውስጣቸው ባለው ቃል ስትፈልጉ ላይገኙ ይችላሉ፤ በአዋጁ ቁጥርና በሙሉ ስሙ ፈልጉ። በቴሌግራም ተቆርጦ የተላከ አንድ አንቀጽ ግን አትመኑ። የመጀመሪያው ገጽ ከነጋሪት ጋዜጣ ወይም ከዝክረ ሕግ ስም፣ ከቁጥሩና ከቀኑ ጋር ካለ ነው ሙሉ የሚሆነው። ኔትወርክ በሚቋረጥበት ጊዜ እንዳትቸገሩ ያገኛችሁትን ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ፤ ዋና ዋናውንም አሳትሙ።

በመጨረሻ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ከቁጠባ መዝገባችን ጎን አንድ የሕግ ማኅደር ይኑረን። የክልሉ የቤተሰብ ሕግ፣ የመሬት አዋጁና ደንቡ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ሕገ መንግሥቱም ይቀመጡበት፤ ማን እንዳመጣው፣ ከየት እንዳመጣው፣ በስንት ቀን እንዳመጣው ይጻፍበት። በየዓመቱም የተተካ አለ ወይ ብላ የምታጣራ አንዲት አባል እንምረጥ። ማንበብ የማይችሉ እናቶች አሉን፤ ከአማርኛ ይልቅ በአውንጂ የሚቀናቸውም አሉን። ስለዚህ በየወሩ አንድ አንቀጽ ጮክ ብለን እናንብብ፣ በአውንጂም እናስረዳ፣ ያልገባንን ይዘን የሕግ ባለሙያ እንጠይቅ።

ነገ ከመካከላችን አንዷ «ሕጉ አይፈቅድልሽም» ስትባል ተቆጥታ አትውጣ፤ አንገቷንም ደፍታ አትመለስ። «እሺ፣ የትኛው አዋጅ ነው? ቁጥሩን ይጻፉልኝ» ትበል። ቁጥሩን ይዛ ወደ ማኅደራችን ትምጣ፣ አብረን እናንብብላት። የጥንቱ አዋጅ ነጋሪ የሰማህ ላልሰማ አሰማ ይል ነበር፤ እኛም ያነበብን ላላነበበች እናሰማ።